የኤልሚ መደርደሪያ ሰኞ ከመፍረሱ በፊት

ለክቡር ሚስተር ብራድሊ ስቶፈር
የኩርኪ ሐይቅ ካምፕ ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣ ከነቤተሰብዎና ከነማስታወቂያዎችዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ጉልበቴ ቢከዳኝም ምላሴ ደህና ነው፤ ፈጣሪ ይመስገን። በፊደል ብዙ ስላልዘለቅሁ ለስሕተቴ ይቅርታዎ አይለየኝ። ደብዳቤውን በጋዜጣ ያወጣሁት መልካም ሥራዎ ተደብቆ እንዳይቀር ብዬ ነው።

በመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ የለጠፉትን አነበብኩ፤ የጋዝ መደርደሪያው ለአደጋ ስለሚያጋልጥ ሰኞ ይፈርሳል ይላል። መደርደሪያውን ከአሮጌው ሳውናችን፣ ከእንፋሎት መታጠቢያችን ሳንቃ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ያሠራችኝ ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ ኤልሚ ናት። ድንኳኑን ነቅሎ የሚሄድ ሰው ግማሽ ጋዝ የቀረባትን፣ ካለቀች የማትሞላ ትንሽ አረንጓዴ ሲሊንደር እዚያ ትቶ ይሄዳል፤ ዝናብ ያበሰበሰው እንግዳ ደግሞ አንስቶ ሾርባውን ያሞቅባታል። «የተረፈህን ተው፣ ያጣኸውን ውሰድ» ብላ በቀይ ቀለም የጻፈችበት ራሷ ናት። ከእጅ ጽሑፏ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ፣ መደርደሪያውን በቢጫ ገመድ ስላጠሩልን እናመሰግናለን። ከዚያ ወዲህ ሰዉ ጋዝ ያለባትን ሲሊንደር ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ይወረውራል፤ የቆሻሻ መኪናው ሲጨፈልቃት እንዴት እንደጮኸች እርስዎም ከቢሮዎ ሰምተዋል። ጥፋቱን በመደርደሪያው ማላከክዎ ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

፪ኛ፣ «ባዶውን ወደ ቆሻሻ ጣቢያ ውሰዱ» ብለው ስለመከሩን። ወሰድኩ። የጣቢያው ዘበኛ ገስ ገና ከሩቅ ሲያየኝ፣ «ሬይኖ፣ ባዶ መሆኑን በምን ልወቅ? መልስልኝ አንተ ሽማግሌ፣ ከነጥርሴ ልታፈነዳኝ ነው እንዴ!» ብሎ ከነጭነቴ ሸኘኝ። የሸጠልኝ ሱቅም መሸጥ እንጂ መልሶ መቀበል አልለመደበትም። ባዶዎቹ አሁን እንጨት ቤቴ ውስጥ ከእኔ ጋር ያረጃሉ።

፫ኛ፣ «የሚሞላውን ዓይነት ግዙ» ስላሉን። ገዛሁ፤ የሚሞላልኝ ሰው ግን አብሮ አልተሸጠም። ጋዝ የሚሞሉበት ከተማ ደርሼ እስክመለስ ያጠመድኩት ዓሣ እኔን መጠበቅ ሰልችቶት ይሸታል። አረንጓዴዋን ቤቴ ውስጥ ከትልቁ ሲሊንደር ልገልብጥባት እንዳልል ሕጉ ይከለክላል፤ በዚህ እንኳ ሕጉ ልክ ነው፣ የሞከረው ጎረቤቴ ቅንድቡ እስካሁን አልበቀለም።

፬ኛም ነበረኝ፤ በቁጣዬ ላይ ስለሆንኩ ልተወው።

ክቡር ሆይ፣ ልመና አልለመድኩም። ገመዱን ይፍቱልን፤ አደጋው ካሳሰበዎ ደግሞ ባዶውን የሚቀበል ሣጥን አጠገቡ ያኑሩና የሚያነሳው ሰው ይፈልጉለት። አለበለዚያ ሰኞ ጠዋት መዶሻዎን ይዘው ሲመጡ ወንበሬን ከመደርደሪያው ፊት ያገኙታል፤ እኔንም እላዩ ላይ። ማንኛችንን አስቀድመው እንደሚነቅሉ ለጥበብዎ ትቻለሁ።

ማስታወቂያዎን ሁሉ ቆሜ የማነብልዎ፣ ቁጭ ብዬ የምጠብቅዎ፣
አክባሪዎ ሬይኖ ካሉንኪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በፀደዩ በረዶ መብራት ጠፍቶ ቢሮዎ ውስጥ ሲንቀጠቀጡ፣ ከኤልሚ መደርደሪያ አንስተው ቡና ያፈሉባት ሲሊንደር ሳታልቅ አልቀረችም። ባዶዋን የት እንደጣሏት እባክዎ ለእኛም በማስታወቂያ ይንገሩን።