መጥረጊያ ያነሡ ግንበኞች

ለተከበሩ የሕዝብ ግንባታ ደመወዝ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ
ብራክስፎርድ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤናን፣ ለቤተሰብዎ ደኅንነትን፣ ለቢሮዎም የማይቋረጥ ማሞቂያ እመኛለሁ፤ እኛ በአዲሱ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ላይ በዚህ በረዶ ጡብ የምንደረድረው ሰዎች ከፍርሃት በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን። ስሜ ዶርቫሊና ፔይሾቶ ይባላል፤ ከብራዚል መጥቼ በዚህች ከተማ ልጆቼን ያሳደግሁ ግንበኛ ነኝ። ይህን በአደባባይ የምጽፈው ደፋር ሆኜ ሳይሆን፣ በጓዳ የተነገራችሁ ነገር ምን እንደሚያስከትል በዓይኔ ስላየሁ ነው።

በቅድሚያ ስለ ሕጉ ላመስግን። በሕዝብ ገንዘብ የሚያሠራ ተቋራጭ ሁሉ ለግንበኛ የግንበኛን፣ ለጠራጊ የጠራጊን፣ በአካባቢው ለየሙያው እንደሚከፈለው እንዲከፍል አዛችኋል። ተመኑም ሠራተኛ ሁሉ በሚያየው ቦታ እንዲለጠፍ አዛችኋል፤ ትእዛዛችሁ ተፈጽሟል። የተለጠፈው በተቋራጩ ቢሮ ከበሩ ጀርባ ስለሆነ፣ በሩ ሲከፈት ይሸፈናል፤ ሲዘጋ ደግሞ እኛ ውጭ ነን።

አንደኛው ምስጋናዬ ድንገተኛ ተብሎ ስለሚጠራው ጉብኝታችሁ ነው። ተቆጣጣሪያችሁ አቶ ሃሎራን ጨዋ ሰው በመሆናቸው ድንገት ከመምጣታቸው በፊት ለተቋራጩ ይደውላሉ። ነጩ መኪናቸው ከዋናው መንገድ ሲታጠፍ ፎርማናችን ቫንደርሌይ ያፏጫል፤ ያን ጊዜ ግንበኛው ሁሉ የሲሚንቶ ማንሻ ካዙላውን ባልዲ ውስጥ ሸጉጦ መጥረጊያ ያነሣል። ቫንደርሌይ የአገራችን ልጅ ነው፤ "ዶና ዶርቫ፣ ጎንበስ በይ እንጂ! ለጭፈራ ሲሆን ወገብሽ ይታጠፍ የለም እንዴ?" እያለ ያሾፍብኛል፤ እኔም እስቃለሁ፣ ያልሳቀ ሰው ዓይን ውስጥ ይገባልና። እንዲህ ሆነን በመዝገባችሁ ሁላችንም ጠራጊዎች ስለሆንን፣ የሚከፈለንም የጠራጊ ነው። አቶ ሃሎራን አንድም ግንበኛ በሌለበት ግቢ ግንቡ ከጉብኝት እስከ ጉብኝት ሽቅብ ሲያድግ እያዩ አለመጠራጠራቸው እጅግ ያስቀናኛል፤ እኔ እንዲህ ያለ እምነት ቤተ ክርስቲያን ውስጥም አላየሁም።

ሁለተኛው ስለ አስተርጓሚያችሁ ነው። አዳይልተን አበልጄ ነው፤ ትንሿን ልጄን ክርስትና ያነሣ፣ ከጎኔ ቆሞ የሚገነባ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ገና በእንጥልጥል ላይ ያለ ሰው ነው። ባለፈው ጉብኝት አቶ ሃሎራን ሥራው ምን እንደሆነ ሊጠይቁት ፈለጉ፤ ፖርቱጋልኛ ስለማያውቁም እንዲያስተረጉምላቸው ፎርማኑን ጠሩት። ክቡር ሆይ፣ በግን ስለ ጅብ ለመጠየቅ ጅቡን አስተርጓሚ ማድረግ ከእናንተ በፊት ማንም ያልደረሰበት ቁጠባ ነው። አዳይልተን መጥረጊያውን ጣል አድርጎ፣ "ግንበኛ ነኝ። ያን ማዕዘን ያቆምኩት እኔ ነኝ። መጥረጊያ የምይዘው እርስዎ ሲመጡ ብቻ ነው" አለ። ቫንደርሌይም ፈገግ ብሎ፣ "ሥራዬን እወደዋለሁ፣ ግቢው ሲጸዳ ደስ ይለኛል ነው የሚለው" ብሎ ተረጎመላቸው። ይህን በምሳ ሰዓት ሩዝና ባቄላችንን እየበላን እንደ ቀልድ ያወራልን፣ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅና አጠገባቸው የነበረ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። አቶ ሃሎራን ግን መልሱን ጽፈው፣ አበልጄን ሞቅ አድርገው ጨብጠው ሄደዋል።

በማግስቱ ቫንደርሌይ አዳይልተንን በሩ ላይ ጠብቆ ትከሻውን አቀፈው፤ "ወንድሜ፣ ሚስትህ የምታጸዳውን ቤት አውቀዋለሁ፣ ጥሩ ሰፈር ነው። ወረቀትህ ደግሞ ገና አላለቀም አሉ። በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቤትህ እረፍ" አለው። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም፤ እኔን ያስፈራኝም ይኸው ነው። አበልጄ አሁን ከቦስተን ወዲያ ዘመድ ቤት ገብቶ ስልኩን ዘግቷል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሉታል ይህን።

ሦስተኛ፣ ሚስቱ እያለቀሰች ደውላ አቤት ስትላችሁ ስላሳያችሁት ትጋት አመሰግናለሁ። ባለጉዳዩ በአካል ስላልተገኘ፣ በመጪው ሐሙስ ጉብኝት ሌላ የሚናገር ሠራተኛ ካልቀረበ ጉዳዩ እንደሚዘጋ አስታውቃችኋል። ሰውየው ለምን እንዳልተገኘ መጠየቅ ግን ከሥራ ድርሻችሁ ውጭ ሳይሆን አይቀርም።

ባለቤቴ ጄኒቫልዶ፣ "ዝም አይነቅዝም፣ ዶርቫዬ። ተናግረሽ ማን ይቀጥርሻል? በዚህ ከተማ ያለ ፎርማን ሁሉ ይተዋወቃል" ይለኛል። እውነቱን ነው። እፈራለሁ፣ ክቡር ሆይ። መኪና በሰፈራችን ቀስ ብሎ ባለፈ ቁጥር መጋረጃ እስባለሁ፤ ልጄ ከትምህርት ቤት ትንሽ ከዘገየች መንገድ ወጥቼ እጠብቃታለሁ። ከቫንደርሌይ ይልቅ ግን እናንተን እፈራለሁ። እሱ የተናገርነውን ቃል በቃል ይሰማል፤ እናንተ ግን ሰምታችሁ ሳትሰሙ እንዳትሄዱ ነው የምሰጋው።

ይሁንና ሐሙስ እናገራለሁ። ደግ አስተርጓሚያችሁን እንዳላደክም ልጄ በእንግሊዝኛ አስጠንታኛለች፦ እኔ ግንበኛ ነኝ፣ አዳይልተንም ግንበኛ ነው፣ የተባረረው እውነት ስለተናገረ ነው።

ቁጥጥራችሁ ተቆጣጣሪውንም ተቋራጩንም እንዳይረብሽ ስለምታደርጉት ጥንቃቄ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ በታላቅ አክብሮትና ከዚህ በማያንስ ፍርሃት፣

ዶርቫሊና ፔይሾቶ
ግንበኛ
ዊሎው ጎዳና፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ ሁለተኛ ፎቅ፣ ብራክስፎርድ

በተጨማሪ፦ ባለቤቴ አድራሻችንን እንዳልጽፍ ለምኖኝ ነበር፤ እኔም እሺ ብዬው ነበር። ትናንት እራት ስናቀርብ ግን የቫንደርሌይ መኪና ሞተሩ ሳይጠፋ በራችን ላይ ቆሞ አየን። ስለዚህ ጻፍኩት፤ ቤቴን ሳያውቅ የቀረው የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ብቻ ነው።