ስንት ደቂቃ ፈጀ ብለህ ለጠየቅኸኝ

ለምወድህ ወንድሜ ለልደቱ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ያ ወገብህ ተሻለህ? እህል ይበላልሃል? እንቅልፍስ ትተኛለህ? አባባ ጉልበታቸው እንዴት ነው? እማዬስ ስኳሯን ትለካለች ወይስ አሁንም ጌታ ያውቃል እያለች ትተዋለች? ምኞት ትምህርቷን ይዛለች? እኛ በጌታ ቸርነት በአካል ደህና ነን። ኖኤል ቁመቱ በልጦኛል፤ የኤማ የፊት ጥርስ በቅሏል፤ ተክሉም ሥራው ላይ ነው። የእኔን ደህንነት ግን አንተ ነህ የያዝከው፤ ስለዚህ ደህና ነኝ ብዬ ልዋሽህ አልፈልግም።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። አንተ ነህ ያመጣኸው። ስደውል አታነሳም። መልእክቴን ታያለህ፤ ማየትህንም ስልኩ ራሱ ይነግረኛል፤ መልስ ግን የለም። ወረቀት ቢያንስ አይዘጋም። ከቤተ ክርስቲያናችን እትዬ እታገኘሁ እናታቸውን ለመጠየቅ ወደ ሐዋሳ ስለሚሄዱ፣ ሻሸመኔ ላይ ወርደው በእጅህ እንዲሰጡህ ለምኛቸው እሺ ብለውኛል። ለእማዬም ለአባባም አይስጡ፣ ለራሱ ለልደቱ ነው ብዬ አደራ ብያቸዋለሁ። አደራ ካሏቸው የማይለቁ ሴት ናቸው፤ በጓሮ ልውጣ ብትል እንኳ አታመልጣቸውም።

ነገሩ የጀመረው በዚያ ፎቶ ነው። ለዕረፍት ማልታ ሄደን ሳለ ኖኤል ለቤተሰቡ ግሩፕ የላከው፣ እኔ ብርቱካናማ ላይፍ ጃኬት ለብሼ፣ ፀጉሬን ነፋስ በትኖት፣ ጥርሴ ሁሉ እስኪታይ የምስቅበት ፎቶ። ከኋላዬ ባሕሩ ተንጣሎ ያች ትንሽ ደሴት ትታያለች። እማዬ በድምፅ እልል አለች። ምኞት ልብ ደረደረች። አክስታችን ወፍረሻል አለችኝ፤ እግዜር ይስጣት። አንተ ግን ያምራል አላልክ፣ እንኳን ደስ ያለሽ አላልክ፤ ስንት ደቂቃ ፈጀ? ብለህ ጻፍክ። እኔም ሳላስብ፣ ሃያ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፣ ዓይንህን ጨፍነህ ስትገልጥ ደርሰሃል ብዬ መለስኩልህ። በማግስቱ ደግሞ ሞተሩ ምን ያህል ጉልበት አለው፣ ነዳጁን በጄሪካን ነው የያዘው፣ ትርፍ ሞተር አለው ወይ፣ ያልተማረ ሰው ሊነዳው ይችላል ወይ አልክ። ያኔም አልነቃሁም። ልደቱ ከልጅነቱ ሬዲዮ ሲፈታ ያደገ፣ አሁንም የሰው ባጃጅ ሲጠግን የሚውል፣ ሞተር ሲያይ ምራቁን የሚውጥ ልጅ ነው ብዬ አለፍኩት። ከዚያ በኋላ ዝም አልክ።

ባለፈው እሑድ እማዬ ደወለች። ድምጿ ሠርግ ቤት ያለች ይመስል ነበር። ልጄ ልብ ገዛ፣ ጌታ ጸሎቴን ሰማ አለችኝ። የጓዳውን ጣሪያ፣ ያንን ክረምት በመጣ ቁጥር ሳፋ የምንደቅንበትን፣ ቆርቆሮውን ቀይሮ መታው አለች። የግቢውን በር ማጠፊያ ዘይት አጠጣው፤ የአባባን አልጋ እግር አጠበቀው፤ እንጨት ፈልጦ እስከ ጥግ ደረደረ፤ ብስክሌቱንም ለምኞት ሰጣት አለች። እሷ በደስታ ስትዘረዝር እኔ የያዝኩት ጭልፋ ከእጄ ወደቀ። ልደቱ፣ አውቅሃለሁ እኮ! አንዲት ሚስማር ለመምታት ስንቴ የምትለመን ልጅ ነህ። ቤቱን ሁሉ በአንድ ሳምንት የሚያበጅ ሰው ወዴት ሊሄድ ነው?

ለተክሉ ነገርኩት። አልናብሩ ሰፈር ካለው የመጋዘን ሥራው ተመልሶ ራቱን ሊበላ ተቀምጦ ነበር። የጣሪያውን ነገር ስነግረው የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠው። እኔም ከመውጣቴ በፊት የእናቴን አጥር አጥሬያለሁ፤ ዓምሃም ለእናቱ ጉድጓድ ቆፍሮላቸዋል አለኝ። ከዚያ አንተ ስለ ጀልባው የጠየቅኸኝን አነበብኩለት። ይህን የሚጠይቅ ሰው ወይ የሄደበት ነው ወይ ሊሄድበት ነው፤ ለሽርሽር የሚሄድ ሰው ስለ ትርፍ ሞተር አይጠይቅም አለ። ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ የምሠራበት መጦሪያ ቤት፣ ሲኬየሙ ውስጥ አረጋውያኑን እያጎረስኩ ልቤ ሻሸመኔ ነው። አንዷ አሮጊት ትናንት፣ አፌ እዚህ ነው፣ ጆሮዬን ልታበይው ነው ወይ ብላ ሳቀችብኝ።

ዓምሃ ደግሞ ማን ነው ትል ይሆናል። እኔ ራሴ ተክሉን አግብቼ ይህን ያህል ዘመን ስኖር ስሙን የሰማሁት በዚያ የጀልባ ቀን ነው። ስለዚህ ፎቶው ያላሳየህን ልንገርህ።

እንደምታውቀው እኔ ወደዚህ አገር የመጣሁት በአውሮፕላን ነው፤ የሚስት ቪዛ ይዤ፣ አባባ ጸልየውልኝ፣ እማዬ ዳቦ ቆሎ ቋጥራልኝ። ተክሉ ግን በሊቢያ በኩል ነው የመጣው። ከዚያ ወዲህ ውሃ አይወድም። ኦስሎ ባሕሩ ደጃችን ነው፤ በበጋ የቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ እዚሁ ቅርብ ወዳሉት ደሴቶች ተሻግሮ ሥጋ ሲጠብስ እሱ ሁልጊዜ ፈረቃ አለብኝ ይላል። ልጆቹን ዋና የማመላልሳቸው እኔ ነኝ፤ ዋና ካለማወቄ ጋር።

ትምህርት ቤት ለመኸር ዕረፍት ሲዘጋ ልጆቹን ፀሐይ እናሳያቸው ብለን ማልታ ሄድን። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የዓሣ አጥማጆች ወደብ ዳር አይስክሬም እየበላን ስናዘግም፣ አንድ ሽማግሌ ባለ ጀልባ ፊት ለፊት ያለችውን ደሴት አሳይቻችሁ ልመለስ ወይ አለን። እኔ አመስግኜ ልጆቹን እየጎተትኩ ነበር። ተክሉ ከኋላዬ፣ እንሂድ አለ። ጆሮዬን አላመንኩትም። ኖኤል ሳይቀር፣ ፓፓ፣ አንተ? ብሎ ቆመ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው፤ ቦርሳዬ ውስጥ ፎጣ እንኳ አልነበረም። ተክሉ ግን ሽማግሌውን መጠየቅ ጀመረ፤ ነዳጁ ሙሉ ነው? ትርፍ ሞተር አለህ? ጄሪካኑን ክፈትና አሳየኝ። አፈርኩበት፤ ሰውየው ምን ያደርገናል ብለህ ነው ብዬ በክርኔ ጎሸምኩት። ልደቱ፣ ጥያቄዎቹ የአንተው ጥያቄዎች ነበሩ።

መሄዱ ደስ ይላል፣ አልዋሽህም። ውሃው ሰማያዊ ነው፤ ነፋሱ ለስላሳ ነው፤ ጀልባዋ እየዘለለች ስትሄድ እንደሚኮረኩሩት ሕፃን ሳቅሁ። ኖኤል ያነሳኝ ያን ጊዜ ነው። ተክሉ ፎቶው ውስጥ የለም። ያለው ከእግሬ ሥር ነው፤ ወንበር እያለለት የጀልባዋ ወለል ላይ ተቀምጦ የኤማን ላይፍ ጃኬት ማሰሪያ እጁ ላይ ጠምጥሞ ይዞ ነበር። ኤማ፣ ናይ ፓፓ፣ ተው፣ ጠበቀብኝ ትለዋለች፤ እሱ አይሰማም። መሃል ላይ ስንደርስ ሽማግሌው ደግ የሠራ መስሎት፣ ልጆቹ ከሥር ያለውን ዓሣ እንዲያዩ ሞተሩን አጠፋው። ሁሉ ነገር ጸጥ አለ። ውሃው የጀልባዋን ጎን ሲመታ ብቻ ይሰማል። ያኔ ተክሉ ጮኸ። በአማርኛ አይደለም፣ በኖርዌይኛም አይደለም፤ በዐረብኛ ነው። ባሌ ዐረብኛ እንደሚያውቅ አላውቅም ነበር። የማልታ ሰዎች ቋንቋ ከዐረብኛ ጋር ይቀራረባል መሰለኝ፣ ሽማግሌው ገባው። ተክሉን አንድ ጊዜ አየት አድርጎ ሞተሩን አስነሳ፤ ደሴቷ ጋ እስክንደርስም ዞሮ አላየንም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት ያን ዕለት ገባኝ። አንተ ያየኸው ሳቅ ሞተሩ ከመጥፋቱ በፊት ያለው ነው።

ደሴት ብዬ ነው እንጂ ድንጋይ ናት። ዛፍ የላት፣ ቤት የላት፤ ቁጥቋጦና እንሽላሊት ብቻ። ልጆቹ ዳር ላይ ሲንቦራጨቁ ተክሉ ብቻውን ዙሪያዋን ዞረ። ዳገቷን ወጣ፣ በወዲያ በኩል ወረደ፤ ከድንጋዩ ሥር እያጎነበሰ ያያል፤ ዋሻ የምትመስል ሽንቁር ውስጥ ገብቶ ይወጣል። ቁልፍ የጠፋበት ሰው ይመስል ነበር። ምን ጠፋህ? ብለው ሌላ ድንጋይ ሥር አጎነበሰ። የነገረኝ ከተመለስን በኋላ ነው፤ ልጆቹ ወደቡ ላይ ድንች ጥብሳቸውን ሲበሉ፣ እኛ ፈንጠር ብለን ተቀምጠን።

ዓምሃ የሰፈሩ ልጅ፣ አብሮ አደጉ ነበር። በአንድ ጀልባ ተሳፈሩ። ብልሁ እሱ ነበር ይላል ተክሉ፤ ሁሉን ጠይቆ፣ ሁሉን አስልቶ፣ የአየሩን ጠባይ ሳይቀር አጣርቶ ነው የገባው። ማዕበል አልነበረም፣ ልደቱ። ስማኝ፤ ማዕበል አልነበረም። ባሕሩ እንደ ኩሬ ተኝቶ ነበር። ሞተሩ ጠፋ፣ በቃ። ትርፍ ሞተር አለ የተባለውም ውሸት ሆኖ ተገኘ። የሚጠጣ ውሃ አለቀ፤ ፀሐዩ አናታቸው ላይ ወጣ። ዓምሃ በመጨረሻ ደሴት ይታየኛል ማለት ጀመረ። ያችትና፣ ቅርብ ናት፣ በዋና እደርስባታለሁ እያለ ወደ ውሃው ገባ። ተክሉ ሸሚዙን ይዞት ነበር፤ ሸሚዙ እጁ ላይ ቀረ። የቀሩትን አንድ የጭነት መርከብ አገኛቸው። ደሴት የሚባል ነገር በአካባቢው አልነበረም።

የዓምሃ እናት ዛሬም በሕይወት አሉ። ተክሉ እውነቱን ነግሯቸዋል፤ እሳቸው ግን ሬሳ ስላላዩ አልተቀበሉትም። በእንቁጣጣሽና በገና ይደውሉለትና፣ ልጄ፣ በዚያ ባሕር ውስጥ ደሴት የለም ወይ? አንዱ ላይ ወጥቶ ይሆናል እኮ ይሉታል። እኔ ስልኩን ይዞ ወደ በረንዳ ሲወጣ ከዘመድ ጋር የሚያወራ ይመስለኝ ነበር። ዘንድሮም ለእንቁጣጣሽ ደውለው ነበር። ሽማግሌው ደሴቷን ሲያሳየን እንሂድ ያለው ለዚህ ነው፤ ሄጄ አየሁ፣ ዙሪያዋን ዞርኩ፣ ማንም የለም ሊላቸው። እስከ ዛሬ አልደወለላቸውም። ስልኩን ያነሳና መልሶ ያስቀምጠዋል።

ወንድሜ፣ እዚያ ያለውን ኑሮ አላውቅም አልልህም። ዲግሪህ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አንተ እጅህ ግራሶ ለብሶ እንደምትውል አውቃለሁ። እኔ እዚህ ሮምሶስ ሰፈር፣ ሞቅ ያለ ቤት ተቀምጬ አርፈህ ተቀመጥ ስልህ የአንገትህ ሥር እንደሚገተርም አውቃለሁ። ተናደድብኝ። ስድብህን ጽፈህ ላክልኝ፤ እቀበላለሁ። ግን ያ ኪዱ የሚሉት ጓደኛህ ደላላው እንዲህ አለ፣ እንዲያ አለ የሚልህን አትመን። አባባ ስለ ጳውሎስ መርከብ ሲሰብኩ የሚሉትን ታስታውሳለህ? የመቶ አለቃው እስረኛውን ትቶ ባለ መርከቡን ሰማ ይሉና መነጽራቸውን አውልቀው ይወለውላሉ። ያ መርከብ የተሰበረውም እዚያው ማልታ ዳር ነው ይባላል። ደላላውም እንደዚያው ነው፤ አንተ ለእሱ ጭነት ነህ። እኔ ና ልልህ ሥልጣኑ የለኝም፤ የሌለኝን ተስፋም አልሰጥህም። የምለምንህ አንድ ነገር ነው። እማዬን ስለ ደሴት የምትጠይቅ እናት አታድርጋት።

ሰላምታዬን ለየሰዉ አድርስልኝ። የአባባን ጉልበት ሳምልኝ። እማዬን አንገቷን አቅፈህ ስኳርሽን ተለኪ ብላሻለች በላት፤ ስለዚህ ደብዳቤ ግን ትንፍሽ እንዳትል። ምኞትን ብስክሌቱን እንድትመልስልህ ንገራት፤ እንደማትመልስ ባውቅም ንገራት። ጎረቤታችንን ጋሽ ተስፋዬን እንደምን ሰነበቱ በልልኝ። ኖኤል ያንን ፎቶ ከግሩፑ አጥፍቶታል፤ ለምን እንደሆነ ነግሬው ብዙ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ዘግቶ ተቀመጠ። ኤማ ለአጎቴ ብላ የዓሣ ሥዕል ሥላለች፤ አብሬ ልኬዋለሁ። ተክሉ ጻፊለት ያለኝ ይህን ብቻ ነው፤ ጣሪያውን መጠገንህ ጥሩ ነው፣ አሁን ከሥሩ ቁጭ በልና ዝናቡን ስማው።

እትዬ እታገኘሁን፣ ካጡት ለማንም ሳይሰጡ መልሰው ያምጡልኝ ብያቸዋለሁ። እባክህ ይዘውት እንዳይመለሱ። አንብበህ እስክትጨርስ ስልካቸውን ይዘው ይጠብቁሃል። ከዚያ የግቢው በር ላይ፣ ዘይት ካጠጣኸው ማጠፊያ አጠገብ ቁምና ፎቶ ያንሱህ። ሳቅ አልልህም። ብትኮሳተርም፣ ብታለቅስም ግድ የለኝም፤ እግርህ መሬት ላይ ቆሞ ይታየኝ። ስልኬን ከእጄ ሳልለይ እጠብቃለሁ። ፎቶው ይምጣልኝ እንጂ፣ ስንት ደቂቃ ፈጀ ብዬ አልጠይቅህም።

የምትወድህ እህትህ
ተናኜ

ሮምሶስ፣ ኦስሎ
ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.