አልጋ የማያስገባው ጓሮ

ቅዳሜ፣ መጋቢት 20

ጓሮው ዛሬ አለቀ፤ እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ሦስት ወር ሙሉ አፈር ሳስጭን፣ ድንጋይ ሳስጠርብ፣ ከግንበኛው ከአብዲ ጋር ስጨቃጨቅ ከረምኩ። ፍሪጅ ልቀይርበት ያስቀመጥኩት ብር እዚያው ገባ።

ከሰዓት እማዬን ይዣት ወጣሁ። ሳሩንም፣ በድንጋይ የተከበቡትን የአበባ መደቦችም አይታ በመሀላቸው ያለውን ክፍተት በዓይኗ ለካች።

«አላማረሽም?»

«አምሯል። ሙቀቱ ሲመጣ አልጋዬን የት ታወጪልኛለሽ?»

ሥራውን ያስጀመርኩት ታኅሣሥ ላይ፣ ብርድ ልብስ ለብሰን ቤት ውስጥ በምንተኛበት ጊዜ ነው። ከግንቦት ጀምሮ ሁላችንም ጓሮ እንደምንተኛ የድሬ ልጅ ሆኜ እንዴት ይጠፋኛል?

አብዲ ጋ ደወልኩ። «አቦ፣ እኔ እኮ ደጅ መተኛት የተዋችሁ መስሎኝ ነው» አለኝ።

በመደቦቹ መሀል ወደ ሳሩ የሚያስገባውን መተላለፊያ ሦስት ጊዜ ለካሁት። የእማዬ የሽቦ አልጋ በአንድ ስንዝር ይበልጠዋል። አንዱን መደብ ላስፈርስ ብላት እሺ አላለችም።

«ተይው፣ ልፋትሽ ነው። ዘንድሮ ቤት ውስጥ እተኛለሁ።»

ይህን የምትለኝ ገና በመጋቢት፣ በር ላይ ተቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን እያራገበች ነው።