ከአባትሽ የደበቅሁት መርዶ

ልጄ ጥሩሸዋ፣ የደብራችን ማርያም ከሞስኮ ብርድ ትከልልሽ። እኛ አለን፤ ገብሱን ግን ውርጭ መታው።

የአባትሽን ልብ ያየው ሐኪም፣ «ቁስሉ ሽሯል፤ ጠባሳው ግን አይመታም። የቀረው ልብ የእሱንም ሥራ ደርቦ እየሠራ ተለጥጧል፤ ድንጋጤ አይችልም» አለኝ። ስለዚህ የወንድምሽ የአባይነህ መርዶ ከግንባር ሲመጣ ደበቅኋቸው። ማልደው ሊያረዱ የመጡትን ጎረቤቶች ከደጅ መለስሁ። አንቺን በወረቀት ማርዳቴን ይቅር በይኝ፤ እዚያው አልቅሺና ለአባትሽ ስትጽፊ «አባይነህ ደኅና ነው» በይልኝ።

ትናንት አባትሽ ከቅዳሴ ሲመለሱ ከአጥር ሆኜ አየኋቸው። ጋቢያቸውን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቀው ለብሰዋል። ደጃችን ሲደርሱ ግን ቆም ብለው አቃኑትና፣ «ጌታነሽ፣ ከአባይነህ ወሬ የለም?» እያሉ ገቡ።

ቶሎ ጻፊ፣ ልጄ። የአንቺን ልብ ያጽናልኝ።

እናትሽ ጌታነሽ