እሷን ያዩ ዓይኖች

ጥቅምት 21
ጎረቤታችን የራሚ እናት ደረጃ ላይ፣ «የዋዲዕ ጥንቸል እኮ እስካሁን ሟቿን ያያል!» ስትል ሰማሁ። ገብቼ አየሁ። እውነቷን ነው። ኢሽታ የኢንሳፍ ወንበር ሥር ቁጭ ብሎ አንገቱን ቀና አድርጓል። ሚስቴ ኢንሳፍ ካረፈች ሦስት ሳምንት። ስሙን ያወጣችለት እሷ ናት፤ እንደ ወተት ስልባቦት ነጭ ስለሆነ፤ ኢሽታ ማለትም ስልባቦት ነው። እኔ በስም ማውጣት አላምንም። መምህር ሳለሁ ተማሪዎቼ ያወጡልኝ ይበቃኛል።

ጥቅምት 26
ቀኝ ዓይኑ አብጦ ወጣ ወጣ ብሏል። ሰማያዊ ጉም ለብሷል። የኢንሳፍ እህት ሶስና መጣች።
«ዓይን በልቶት ነው።»
«የማን?» አልኳት።
«የራሚ እናት ናታ! ‹ሲያምር› ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»
ኩል አውጥታ ቀባችው። እኔ ያዝኩላት።

ጥቅምት 27
ባሰበት። ኩሉ ጉንጩ ላይ ወርዶ ያለቀሰች ሙሽራ መስሏል። ሶስና «ጾሙ ሳይገባ ታርዶ የሙሉኪያ ወጥ ይሠራበት» አለች። ቀልዷን መሰለኝ... ሶስና ስለ ወጥ ቀልዳ ታውቃለች?

ኅዳር 2
የእንስሳት ሐኪሟ ሪሃም ገና ልጅ ናት።
«ኩል ማን ቀባው?»
ጉንጩን በመሐረቤ ጠረግኩለት።
«ግላኮማ ነው፤ ዓይኑ ውስጥ ግፊት አለ። ግራውም እንደዚሁ። ጠብታ እንሞክር። ካልሆነ ሁለቱንም ማውጣት ነው።»
«ሁለቱንም?»
«ለእሱ ለውጥ የለውም፣ አባባ። ሕመሙ ነው የሚገድለው።»
ለውጥ የለውም! ጨካኝ ናት። አይሆንም አልኳት። ምክንያቱን ግን እንዴት ብዬ ልንገራት? ኢንሳፍ ስታርፍ እኔ መድኃኒት ቤት ተሰልፌ ነበር። ጭኗ ላይ የነበረው እሱ ነው። የመጨረሻ ፊቷን ያየ ሌላ ዓይን የለም።

ኅዳር 10
አርባዋ። ሶስና ቤቱን ገለባብጣ የኪራይ ወንበር ደረደረች። የኢንሳፍን ወንበር ጓዳ ከተተችው። ኢሽታ ሮጦ መጥቶ ከቄሱ ወንበር ተላተመ። ዞሮ ከሚቀጥለው። «ሐዘን ናላውን አዙሮታል» አሉ ቄሱ። እኔም አመንኩ።

ኅዳር 13
ጠብታው ምንም አልፈየደም። ከበላ ሁለት ቀኑ። ጥርሱን ያንቀጫቅጫል... ጥንቸል ሲያመው አይጮህም፣ እንዲህ ነው የሚያደርገው ብላኝ ነበር ሪሃም። ኢንሳፍ ብትኖር ምን ትል ነበር? አውቀዋለሁ ምን እንደምትል።
ሶስና ካርቶን ይዛ መጣች። «አንተ ሰው፣ ምን ትጠብቃለህ? ታክሲ ጥራ።»
«ሙሉኪያውስ?»
«ዝም በል!» እያለቀሰች ነበር።

ኅዳር 14
ሁለቱም ወጡ።

ኅዳር 24
ስፌቱ ተፈታ። ጾም ስለገባ እሱም እኔም ቅጠል ነው የምንበላው። የሚያጉረመርመው አንዱ ብቻ ነው። ወንበሯን ቦታዋ መለስኳት። ቀጥ ብሎ ሄዶ ሥሯ ተቀመጠ፤ አንገቱን ቀና አደረገ። ልክ እንደ በፊቱ... በምን?
ስፌቱ ሲፈታ ለሪሃም ነግሬያት ነበር፤ መጀመሪያ ለምን እምቢ እንዳልኩ። መቀሱን አስቀመጠች። ቀስ ብላ፦
«የሚያውቁ መስሎኝ ነበር፣ አባባ። እንዲህ ነጭ የሆኑት ላይ ከዘር የሚመጣ ነው። የዓይኑ ብርሃን የጠፋው ገና ግልገል እያለ ነው።»
ኢንሳፍ ከገበያ ገዝታ ስታመጣው ዕድሜው ዓመት አልፎት ነበር።