ትልቁ ኢንቨርተርና ዋንዛው

ኅዳር 4፣ ጠዋት
ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ባሌን ዋንዛው ላይ ያስወጣሁት እኔ ነኝ። በርበሬዬ በጥላ ቀጨጨ እያልሁ ስነዘንዘው ከረምሁ። ዝናቡ እንዳባራ፣ ግንዱ ሳይደርቅ ቅርንጫፉን ሊቆርጥ ወጣ። ወደቀ። ለቀባሪው ሁሉ፣ ለልጃችንም፣ ቀፎ ሊያይ ወጥቶ ነው አልሁ።
ደብተሬ፣ ይኸው ላንተ ነገርሁ። ላሟን አልቤ ተቀምጫለሁ። ወተቱን የሚጠጣ የለም።

ኅዳር 6
ባለሙያው ሞላ ከቡሬ መጣ። የሶላር ሰሌዳዎቹን የገዛችልኝ ልጄ የሺ ናት፤ ፍኖተ ሰላም ታስተምራለች። መብራት በሄደ ቁጥር በኩራዝ ማንበቤ አሳዝኗታል።
ሞላ ሁለት ምርጫ አለ ይላል። አንድ ትልቅ ኢንቨርተር፣ የፀሐዩን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚለውጠው፣ ግድግዳ ላይ ከነባትሪው። ወይም ከየሰሌዳው ጀርባ አንዳንድ ትንሽ። በትልቁ ከሆነ ሰሌዳዎቹ በአንድ መስመር ይታሰራሉ፤ አንዱ ላይ ጥላ ካረፈ ሌሎቹም አብረው ይደክማሉ። ስለዚህ የዋንዛው ቅርንጫፍ ይቆረጣል። ትንንሾቹ ግን እየራሳቸው ይሠራሉ፤ ዛፉ አይነካም።
ትንንሾቹን አልሁ። ሳላስብ።

ኅዳር 7
የሺ ደወለች። ሞላ ነግሯታል። ዛፉን አላስነካም ያልሽው ለአባዬ ብለሽ ነው አይደል፣ ብላ አለቀሰች። ዝምታዬን ፍቅር አደረገችው። ስልኩ ሲዘጋ ቤቱ ጭር አለ።

ኅዳር 11
ሞላ ሊገጥም መጣ። መብራት ሲሄድስ፣ ብዬ ጠየቅሁት። ትንንሾቹ አብረው ይጠፋሉ አለኝ፤ ፀሐይ እያለችም። ታዲያ ምን ሊረቡኝ? እኔ መብራት የምፈልገው መብራት ሲሄድ ነው!
ሳቀ። «እትዬ ጥሩ፣ እንግዲያ ትልቁን እንግጠም፤ ቅርንጫፍ ምን አላት? እኔ እኮ ምሰሶ ላይ የምውል ሰው ነኝ፤ ዝንጀሮ በሉኝ!» ገመዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ግንዱን መውጣት ጀመረ።
ጮህሁ። የጠራሁት የባሌን ስም ነው። ጎረቤት ሁሉ አጥር ላይ ወጣ። ሞላ ደንግጦ ወረደ። «ይቅርታ እናቴ» አለኝ። እኔን ይቅርታ!

ኅዳር 12
እንቅልፍ የለም። ትንንሾቹ ቢገጠሙ ማንም ምንም አይጠይቀኝም። በኩራዜ እቀመጣለሁ፤ የሺም አባቷን ስለወደድሁ ነው ትላለች። የምትወደው ግን እኔን አይደለም፤ እኔ ያልሆንኋትን ሴት ነው። ብቸኝነቴ ይኸ ነው፤ ባዶ ቤት አይደለም።
ትልቁ ይገጠም። ሞላ ወገቡን ታስሮ ይውጣ፤ እኔም ከሥር ቆሜ እያለሁ። ግን መጀመሪያ የሺ እውነቱን ትወቅ።
እነዚህን ገጾች ቀድጄ ነገ ፍኖተ ሰላም እሄዳለሁ። በሰው አልክም። ለልጄ ለየሺ፣ በእጇ።