ጥሬ ዓሣ ያልቀመሱት የዳምኮል ነርስ፤ የወይዘሮ ብዮን ቦክናም የሕይወት ታሪክ

ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ ወዳጆቻችን፣ አስከሬኑ ወደ ተራራው መቃብር ከመውጣቱ በፊት እስቲ ጥቂት አረፍ በሉ። ወለሉ ከሥሩ በነደደው እሳት ሞቋል፤ ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ወደ ውስጥ ግቡ፣ ደጅ የቆማችሁም ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። ስለ ወይዘሮ ቦክናም የምንለውን ስሙን። አብዛኛውን ታውቁታላችሁ። እሳቸውም በሕይወት ሳሉ እስኪሰለቻችሁ ነግረዋችኋል። ዛሬ ግን መልስ ሳትሰጧቸው አንድ ጊዜ ስሟቸው።

ወይዘሮ ብዮን ቦክናም ከአባታቸው ከአቶ ብዮን ሳንግፒልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሃ ኩትሱን በናክዶንግ ወንዝ ዳር፣ በዚችው በዳምኮል መንደር፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ተወለዱ። አባታቸው በጀልባ ሰው እያሻገሩ የሚኖሩ ነበሩ። ሩዙ ታጭዶ ሲያልቅና ውሃው ሲቀዘቅዝ የመንደሩ ወንዶች ወንዝ ዳር ይሰበሰባሉ። ከውሃ የወጣውን ዓሣ በስሱ እየከተፉ፣ አቼቶ ባለበት ድልህ እያጠቀሱ፣ በሶጁ አረቄ እያወራረዱ ጥሬውን ይበላሉ። የድልሁን ሳህን ይዘው የሚወርዱት ትንሿ ቦክናም ነበሩ። ዓሣውን ግን አይቀምሱም፤ ሽታውን አይወዱትም ነበር። አባታቸው "ይቺ ልጅ የወንዝ ሰው አይደለችም፤ ከተራራ ለቅመን ነው ያመጣናት" እያሉ ያሾፉባቸው ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደራቸው፣ ከዚያ በላይ ያለውን በሚርያንግ ከተማ ተከታተሉ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳሉ የአባታቸው ዓይን ቢጫ ሆነ፤ ሆዳቸው አበጠ፤ በዚያው ክረምት አረፉ። መንደሩ "መጠጥ ነው" ብሎ ቀበራቸው። ወይዘሮ ቦክናም የነርስነት ትምህርት ሲጀምሩ ነው በጥሬ የወንዝ ዓሣ ሥጋ ተደብቆ ሰው ሆድ የሚገባ፣ ጉበት ውስጥ ለዓመታት ተመቻችቶ የሚኖር ትል እንዳለ የተማሩት። ያን ቀን ምሳ አልበሉም። የአባታቸው ዓይን መጣባቸው።

እ.ኤ.አ. በ1970 በወረዳው ጤና ጣቢያ ተቀጠሩና ወደ መንደራቸው ተመለሱ። ሥራቸው የሕብረተሰብ ጤና ይባላል። ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ግን ዕድሜያቸውን ፈጁ። ገበያ ላይ ራዲሽ የሚባለውን ነጭ ሥር የምትሸጥ አንዲት ጎረቤት "ቦክናም፣ ሐኪም ሆንሽ አሉ?" ብላ ጠየቀቻቸው።

"ሐኪም አይደለሁም። ሐኪም የታመመ ሰው እስኪመጣለት ይጠብቃል። እኔ ደግሞ ያልታመመው እንዳይታመም ከኋላው እሮጣለሁ።"

"እኛ እኮ ጤነኞች ነን። ታዲያ ምን ልታደርጊን መጣሽ?"

"ጤነኛ እንደሆናችሁ እንድትቆዩ ነዋ!"

"አይ እህቴ፣ ይሄማ ሥራ አይባልም። መንግሥት ገንዘብ ተርፎታል።"

ጉድጓዱ እንዲከደን፣ ሽንት ቤቱ ከወንዙ እንዲርቅ፣ ሕፃናቱ እንዲከተቡ ቤት ለቤት ሲዞሩ ኖሩ። ይሄ ሁሉ ቀስ በቀስ ተሳካ። የተሳካው ነገር ግን አይታይም። ኩፍኝ ያልያዘው ልጅ "ኩፍኝ አልያዘኝም" ብሎ መጥቶ አያመሰግንም። እሳቸውም ምስጋና አልጠበቁም። የጠበቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይኸውም ዳምኮል ጥሬ ዓሣ መብላት እንድታቆም።

እ.ኤ.አ. በ1973 ከአቶ ማ ዶክሱ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሴት ልጃቸውን ኡንሲልንና ወንድ ልጃቸውን ቻንጉን አፈሩ። አቶ ዶክሱ የሩዝ ወፍጮ ባለቤት፣ ደግና ተጫዋች ሰው ናቸው። ችግሩ፣ በመንደሩ እንደ እሳቸው ዓሣ የሚከትፍ አልነበረም። ከአባታቸው የወረሱት ወፍራም የእንጨት መክተፊያ ነበራቸው። ባለቤታቸው "ዓሣው ደጄን አይርገጥ" ስላሉ መክተፊያውን ታቅፈው ወንዝ ይወርዳሉ። ሲጨርሱ በወንዙ ውሃ ለቅለቅ አድርገው ማድቤት ይመልሱታል።

ወንዶቹ "ሶጁና አቼቶ ትሉን ይገድለዋል" ብለው ያምኑ ነበር። ወይዘሮ ቦክናም አንድ ቀን ከጤና ጣቢያው ማይክሮስኮፕ ተሸክመው መንደሩ አዳራሽ መጡ። ከዓሣው ሥጋ ያወጡትን እጭ ሶጁ ውስጥ ጨምረው፣ ቆየት ካለ በኋላ ሽማግሌውን አባባ ኖ ጉማንን "እስቲ እርስዎ ይዩት" አሏቸው። አባባ ጉማን አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩ።

"ይንቀሳቀሳል" አሉ።

"አዩ አይደል? አልሞተም!"

"ልጄ፣ ይሄ እኮ የሱቅ ሶጁ ነው። እኔ ቤት የሚጠመቀውን ብታጠጪው አንዱም አይተርፍ።"

አቶ ዶክሱ ከኋላ "ትሉ እየጨፈረ ነው፤ ሞቅ ብሎታል!" ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ወይዘሮ ቦክናም ማይክሮስኮፑን ጠቅልለው ወጡ። ማታ ባለቤታቸው እራት ሲጠብቁ፣ የቀረበላቸው ባዶ ሩዝ ብቻ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ትሉን የሚገድል ክኒን መጣ። ወይዘሮ ቦክናም ክኒኑን ሲያዩ አለቀሱ፤ ለአባታቸው የዘገየ ነበርና። በየጸደዩ ብልቃጥ አድለው ሰገራ ይሰበስባሉ፤ ትል የተገኘበትን ክኒን ያስውጡታል። ሴቶቹ "እኛ ጥሬ አንበላ፣ ምን አስመረመረን?" ሲሏቸው "እውነታችሁን ነው" ብለው ያልፏቸው ነበር። ታዲያ ሦስተኛው ጸደይ ላይ አንድ ነገር ሰሙ። ወንዶቹ ከክኒኑ ቀን በፊት ባለው ቀን ወንዝ ዳር ትልቅ ድግስ መደገስ ጀምረዋል። "ነገ ነርሷ ታጥበናለች፤ ዛሬ እንደልባችን እንቆሽሽ" ይባባላሉ።

"የኡንሲል አባት፣" አሉ ወይዘሮ ቦክናም ያን ዕለት፣ "ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ ባቀርብላችሁ፣ እናንተ ባልዲ አለን ብላችሁ ጣሪያውን ትበሱታላችሁ?"

"ታዲያ ክኒኑ ለምን ተሠራ?" አሉ አቶ ዶክሱ፣ ከልባቸው ግራ ገብቷቸው።

ከበላይ የመጡት ኃላፊዎችም አላገዟቸውም። ብዙ ክኒን ስላደሉ አጨብጭበው ከእንጨት የተሠራ የምስጋና ሰሌዳ ሸለሟቸው። ወይዘሮ ቦክናም "በየዓመቱ ለዚያው ሰው ያንኑ ክኒን መስጠት ምኑ ያስመሰግናል? የሚያስመሰግነውስ ክኒኑ ሳይፈለግ የቀረ ዕለት ነው" አሉ። ያዳመጣቸው አልነበረም። ሰሌዳውን አትክልት ለሚብላላበት የኪምቺ ገንቦ መክደኛ አደረጉት። ዛሬም እዚያው አለ።

እ.ኤ.አ. በ2006 ጡረታ ወጡ እንጂ ዝም አላሉም። ወንዶቹ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ሳህን የሚደብቁ ሆኑ። መደበቅ ማቆም አይደለም፤ ይሄ እስከ መጨረሻው አንገብግቧቸዋል።

ባለፈው ዓመት ጸደይ የወይዘሮ ቦክናም ዓይን ቢጫ ሆነ። ቡሳን ተወስደው ሲመረመሩ የሐሞት ቧንቧ ካንሰር ተገኘባቸው። ጉበት ውስጥ ሲከርም ለዚህ ካንሰር የሚዳርገው ትልም አብሮ ተገኘ። ሐኪሙ "እማማ፣ ጥሬ የወንዝ ዓሣ ይበሉ ነበር?" ቢላቸው አልጋው ላይ ቀና ብለው ተቆጡ።

"እኔ? ዕድሜዬን ሙሉ ለማን ስጮህ የኖርኩ መሰለህ!"

ኡንሲል እጃቸውን ይዛ "እማዬ፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ የራስሽን ሰገራ አስመርምረሽ ታውቂያለሽ?" አለቻቸው። የመንደሩን ወንዶች ሁሉ ብልቃጥ በእጃቸው ሰብስበዋል። የራሳቸው አንድም ጊዜ አልነበረበትም። አልበሉማ! ሐኪሙ እንዲህ ነው ብሎ በእርግጠኝነት መናገር እንደማይችል ገልጾ፣ ትሉ በቢላና በመክተፊያም ሊተላለፍ እንደሚችል ነገራቸው። ያኔ የባለቤታቸው መክተፊያ ታወሳቸው። ክረምት ክረምቱን የኪምቺውን ራዲሽ የሚከትፉበት፣ እየከተፉም ቅማሽ ወደ አፋቸው የሚሉበት ያው እንጨት ነው።

"የወንዶቹን አፍ ስከታተል መክተፊያውን ሳላየው ቀረሁ" አሉ። ቆይተውም "ሕዝብ፣ ሕዝብ ስል ኖሬ፣ ራሴን ከሕዝቡ አልቆጠርኩም፤ ሴቶቹንም እውነታችሁን ነው ብዬ አሳለፍኳቸው" አሉ። ከሕመሙ ይልቅ ያበሳጫቸው ይህ ነበር።

ሊጠይቃቸው የሄደ አንድ የመንደራችን ሰው፣ ስሙን አንጠራም፣ እዚሁ ተቀምጧልና፣ "አይዞሽ እትዬ፣ ስትድኚ ወፍራም ዓሣ ይዘን እንመጣለን" አላቸው። እሳቸውም "በድስት ተቀቅሎ ከሆነ ና" አሉት።

አቶ ዶክሱ ከሆስፒታል እንደተመለሱ መክተፊያውን በመጥረቢያ ፈልጠው አነደዱት። ከዚያም አዳራሹ ሄደው፣ ያን ያህል ተጫዋች ሰው፣ "ቦክናም ጥሬ ዓሣ በአፏ ዞሮ አያውቅም። የበላሁት እኔ ነኝ" ብለው ተቀመጡ። ያን ቀን የሳቀ አልነበረም።

ወይዘሮ ቦክናም በተወለዱ በ76 ዓመታቸው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 19 ቀን 2024 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸው አቶ ዶክሱ፣ ልጆቻቸው ኡንሲልና ቻንጉ፣ እንዲሁም ሦስት የልጅ ልጆቻቸው አሉ። ነፍሳቸው ከአባታቸው ጋር ትገናኝ፤ አባትና ልጅ በጠራ ውሃ ዳር፣ ያለ ጭቅጭቅ ይቀመጡ።

ከቀብር መልስ የሚቀርብላችሁ ዓሣ በደንብ በስሏል። በሩ አጠገብ የጤና ጣቢያዋ ወጣት ነርስ የሰገራ መመርመሪያ ብልቃጥ ይዛ ቆማለች፤ ይህ የወይዘሮ ቦክናም ኑዛዜ ነው። የመጀመሪያው ለማይበሉት ይሰጥልኝ ብለዋል፤ ለእናቶች፣ ለምራቶች፣ "እኔን አይመለከተኝም" ለምትሉት ሁሉ። እባካችሁ ባዶ እጃችሁን አትውጡ። ነገ ማድቤት ገብታችሁ መክተፊያችሁን ስታነሡ፣ የፈላ ውሃ ስታፈሱበት፣ እሳቸውን አስቧቸው።